ውሃውን ማን ይቀዳ ነበር?

በለቅሶ ድንኳንም ሆነ በሠርግ ቤት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች የተገናኙ እንደ ሆነ ጨዋታቸው የሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዱ «አይ ያ ጊዜ!» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ራሱን እየነቀነቀ «ተወው፣ አታንሣብኝ» ይላል። ከዚያም የጨርቁ ኳስ፣ ብዩና ቆርኪው፣ የቡሄው ጅራፍ፣ በሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ የነበረው ግፊያ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሰይቼንቶ ታክሲ፣ ለቡና የሚጠራሩት እናቶች በየተራቸው ይነሣሉ። ሳቁ ደስ ይላል፤ እኔም አብሬ የምስቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳሩ ግን ጨዋታው በዚያ አያበቃም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአጠገቡ ወደ ተቀመጠው ወጣት ዞር ይልና፣ «እናንተማ ምን አያችሁ? ደጉ ዘመን አመለጣችሁ፤ እናንተ የደረሳችሁት ለአተላው ነው» ይለዋል። ወጣቱም የሚመልሰው ነገር ስላጣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው፤ የምከራከረው ግን ከእኩዮቼ ጋር ነው። እኔም የዚያው ከተማና የዚያው ዘመን ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በሠራተኛ ሠፈር ነው፤ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚችው ከተማ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ስለዚህ ነገሩን የምቃወመው ሳላየው፣ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ክርክሬም ይህ ነው፤ «ደጉ ዘመን» እየተባለ ለወጣቶች የሚነገረው ታሪክ የሐሰት ምስክርነት ነው። ሐሰት የሆነውም የተነገረው ነገር ስላልተደረገ አይደለም፤ ከተደረገው ውስጥ እኩሌታው ስለሚደበቅ ነው። ዐሥርቱን ትእዛዛት ያስጠኑን የነበሩት አስተማሪዎቻችን ስለ ሐሰት ምስክር ሲያስረዱን፣ ዳኛን አጥብቆ የሚያሳስተው እውነቱን ከፍሎ የሚናገር ምስክር ነው ይሉን ነበር። ይህ ትእዛዝ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈውን ሰው አይመለከትም የሚል ቃል በየትም አላነበብሁም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በመጀመሪያ ደጉ ዘመን የተባለው መቼ እንደ ነበረ ዓመተ ምሕረቱን ጠይቁ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተወለደውን ሰው ብትጠይቁት ደጉ ዘመን 1950ዎቹ ነበሩ ይላችኋል። በ1955 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር የተሰለፈውን እንኳ እየናፈቀ፣ ሰው የተዋደደው ያን ጊዜ ነበር ይላል። በ1970ዎቹ የተወለደውን ጠይቁትና እርሱም የራሱን ይነግራችኋል። ነገሩን ብትመረምሩት ደጉ ዘመን ማለት ተናጋሪው ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ጉልበቱ ያልደከመበት፣ እናቱ በሕይወት የነበሩበት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሌላ ሰው የነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ይህን መናፈቅ የሰው ጠባይ ስለ ሆነ ማንንም አልነቅፍም። የምነቅፈው የራስን ጕርምስና የአገር ታሪክ አድርጎ ማቅረብን ነው።

ደግሞስ እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ አባቶቻችን ስለ ዘመናችን ምን ይሉ ነበር? ደጉ ዘመን ከጣሊያን ወረራ በፊት አለፈ ይሉ ነበር። በጐፈረው ጠጕራችንና በአጭሩ ቀሚስ ምክንያት ከተማይቱ ጠፋች እያሉ ያዝኑ ነበር። ያዝኑ የነበሩትም ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም፤ በ1960 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው በግቢያቸው የተዘጋጀውን የልብስ ትርኢት የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃውመው ሁከት እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ያ «ጨዋ ነበረ» የምንለው ትውልድ በዘመኑ ስለ ራሱ የሰማው ወቀሳ ዛሬ እናንተ የምትሰሙት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቅ ነው። ያ ሁሉ ጨዋታና ያ ሁሉ ቡና ሲነገራችሁ፣ በትሕትና፣ «ውሃውን ማን ይቀዳ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውሃ በየቤቱ አልነበረምና በሠፈራችን ያለነው ሰዎች አብዛኞቻችን የምንጠጣው ከቦኖ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እንስራውና ባልዲው ይሰለፋል፤ ቀጂው በሳንቲም ከፍሎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ዳገቱን ተሸክሞ ይወጣል። ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ባለው ቤት ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች። የቤቱ ሰዎች «የዘመድ ልጅ ናት፤ ልናስተምራት ነው ያመጣናት» ይሉ ነበር። ዳሩ ግን እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ፣ እርስዋ እንስራ አዝላ ከቦኖው ስትመለስ በሩ ላይ እንተላለፋለን፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ከጭሱ ውስጥ ስታስል እሰማታለሁ። በየደጃፉ ሰኞ ማክሰኞ በምንጫወትበት ጊዜ ከመካከላችን ገብታ ስትጫወት ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የቤቱ እመቤት ለቅሶ ሄደው በነበረበት ቀን ነው። የምትጠራበትን ስም ያወጡላት እርሳቸው ነበሩ። እናትዋ ያወጣችላትን ስም በሠፈሩ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለችው ልጅ በዚያ ሠፈር አንዲት ብቻ አይደለችም፤ ሦስት ቤት ባለፋችሁ ቍጥር አንዲት ታገኙ ነበር። እርስዋም ዛሬ በሕይወት ብትኖር ዕድሜዋ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ እርስዋም የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ነገር ግን የልጅነት ትዝታ እየተባለ በሚጻፈው ጽሑፍ ሁሉ አንድም ቀን ስትጽፍ አላየኋትም፤ ጽሕፈት ያስተማራት የለምና። ከአብዮቱ በፊት በአገራችን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከመቶው ዐሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ትዝታ የሚጽፉላችሁ ከዐሥሩ አንዱ ናቸው፤ ዘጠኙ ምን እንደሚሉ ሳትሰሙ ፍርድ አትስጡ።

ስለ ርካሽነቱም እንደዚሁ ነው። «ዶሮ በአንድ ብር ይገዛ ነበር» የሚላችሁን ሰው፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ስንት እንደ ነበረ አብራችሁ ጠይቁት። ያ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ የሚያገኘው አንድ ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያም ያነሰ የሚከፈለው ሞልቶ ነበር። ይህን የምለው የዛሬው ኑሮ ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ ጾሙን የሚያድር ሰው ዛሬም እንዳለ አውቃለሁ። እናቶች ልጃቸው ኩፍኝ እስኪወጣለት ድረስ ልጅ አለኝ ብለው አይቈጥሩም እንደ ነበረም የትዝታ ተናጋሪዎች አያነሡላችሁም። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ለሕፃናት በመላው አገር የሚሰጠው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያ በምንስቅበት የልጅነት ጨዋታ ውስጥ አብረውን ይጫወቱ የነበሩና በሚቀጥለው ዓመት ያላየናቸው ልጆች ነበሩ።

«ሌባ አልነበረም፤ በራችንን ከፍተን እናድር ነበር» ስለሚባለው ነገር ብዙ አልደክምም። ከፒያሳ በታች እሪ በከንቱ የሚባል ሠፈር መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ስሙ የወጣለትም በዚያ ሸለቆ በሌሊት የሚዘረፍ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው እየተባለ ሲነገር እኛም በልጅነታችን ሰምተናል። ስሙን እያወቁ፣ በአጥር ላይ የተተከለውን የጠርሙስ ስባሪ እያስታወሱ፣ ሌባ አልነበረም ማለት እንዴት ይቻላል?

ስለ ዘፈኑና ስለ ምሽቱ ግን ጥቂት መቈየት ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም ወጣቶችን አብልጦ የሚያታልለው ይህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ ሬከርድስ በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች ዛሬ በመላው ዓለም ይሰማሉ፤ እናንተም ትወዷቸዋላችሁ፤ መውደዳችሁም ትክክል ነው፤ እውነተኛ ጥበብ ናቸውና። የውቤ በረሃም ምሽት አብሮ ይነሣል፤ መብራቱ፣ ጭፈራው፣ የመጠጡ ቤት ተረብ ይተረካል። ነገር ግን በውቤ በረሃ የነበሩት ሴቶች ከየት የመጡ ናቸው? ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፣ ከባላቸው ቤት ጠፍተው ወይም ተፈትተው፣ ሌላ እንጀራ አጥተው ወደ ከተማ የመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ለወንዶቹ የወጣትነት ወግ የሆነው ነገር ለእነርሱ ኑሮ ነበር። ሽማግሌው «ውቤ በረሃ» ብሎ ፈገግ ሲል ከዚያ ቤት የወጣች አንዲት ሴት በአጠገቡ ብትቀመጥ ኖሮ ፈገግታው ምን ይሆን እንደ ነበረ እኔ ለማየት እወዳለሁ።

ደግሞም እነዚያ ዓመታት የወሎ ረኃብ ዓመታት ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው መምህራን አንዳንዶቹ፣ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ ወደ ወሎ ሄደው ያነሡት ፎቶግራፍ ለተማሪዎች ታየ። ተርበው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ገበሬዎች ከተማይቱ ሳትቀበላቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በ1966 ዓ.ም. ለውጭው ዓለም ሲታይ የእኛ ከተማ ነዋሪ አላየውም ነበር፤ ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ በቴሌቪዥን በተለቀቀ ጊዜ ነው። እንግዲህ ያ ዘፈን በሚዘፈንበት ምሽት፣ ደሴ መንገድ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ዘፋኙ በደለ አልልም። ነገር ግን ዘፈኑን ብቻ አስቀርቶ ረኃቡን የሚረሳ ትዝታ ያን ጊዜ ዜናውን ከደበቁት ሹማምንት የተለየ ሥራ አልሠራም።

«በዚያን ጊዜ ሰው ዘርና ሃይማኖት አይጠያየቅም ነበር» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጣፋጭ ሆኖ የሚነገር ነው፤ በዛሬው ጊዜ የምናየው መለያየት ስለሚያሳዝነንም እንድናምነው ልባችን ይፈቅዳል። ጥቂት እውነትም አለበት። በአንድ ግቢ የትግሬው፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የዶርዜው ቤተ ሰብ ተደበላልቆ ይኖር ነበር፤ የክርስቲያኑ ልጅ በሙስሊሙ ቤት ይበላ ነበር። ዳሩ ግን ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛውን «ቡዳ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ብሎ የሚሳደብ አፍ የዚያው ግቢ አፍ ነበር። እኔ ያደግሁበት ሠፈር ስሙ እንደሚያመለክተው የእጅ ሥራ ሰዎች የሰፈሩበት ነውና ይህን ስድብ ከማንም በላይ ሰምቼዋለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመማሬም ብቻ «ጸረ ማርያም» እየተባልሁ ድንጋይ የተወረወረብኝ በዚያው በምንናፍቀው መንገድ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ ከወርዋሪዎቹ የአንዱ እናት ትኩስ ዳቦ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ትዝታ ተናጋሪዎቻችን ግን ዳቦውን እንጂ ድንጋዩን አያነሡም።

ስለዚህ ሰው አይጠያየቅም የነበረው ሁሉም ስለ ተዋደደ ብቻ አይደለም፤ የሚጎዳው ወገን አስቀድሞ መደበቅን ስለ ተማረ ነው። በአስተማሪነቴ ዘመን የተማሪዎችን መዝገብ ስይዝ፣ አባት በአንድ ስም ልጅ ደግሞ ለከተማ ጆሮ በሚመች በሌላ ስም ሲመዘገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁን «ለምን ለወጥህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ አይሰጥም ነበር፤ አንገቱን ይደፋል። ዛሬ የምናየው ቍጣ ከየት መጣ ብለው የሚደነቁ ሽማግሌዎች ያን የተደፋ አንገት ቢያስታውሱ ኖሮ መደነቃቸው ይቀንስ ነበር።

ከዚህ በኋላ የእኩዮቼ ጨዋታ አንድ ትልቅ ዝላይ ይዘላል። ከየካቲት 1966 ዓ.ም. በፊት ያለውን ሲያወጉ ቈይተው በድንገት ስለ ሌላ ነገር ይጀምራሉ፤ በመካከሉ ያሉትን 1969ንና 1970ን አይነኩም። እኔ ይህን ዝምታ አከብራለሁ፤ በቤታቸው ሬሳ ያልገባ፣ ወይም ይግባ እንኳ ያልተፈቀደለት ጥቂት ነውና። ነገር ግን ደጉን ዘመን ያጠፋው ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው እንደ ሆነ አድርገው ሲናገሩ ዝም ማለት አልችልም። በቀይ ሽብር ጊዜ ሌሊት በር ያንኳኳው የአብዮት ጥበቃ ከዚያው ግቢ የወጣ፣ ብይ አብሮን የተጫወተ ልጅ ነበር። የማን ልጅ መቼ እንደ ገባ፣ ማን ማንን እንዳነጋገረ ያውቅ የነበረው ያው «የሁላችንም ልጅ» እያለ ያሳደገን የጎረቤት ዓይን ነበር። ያ ዓይን ሕፃን ከመኪና ሲያድን አይቻለሁ፤ ያ ዓይን ወጣት ለእስር ሲያሳልፍም አይቻለሁ። ወጣቶች የጎረቤትን ፍቅር ከእኛ ይማሩ ከተባለ ሁለተኛውንም ይማሩ።

«ሽማግሌ በትዝታው ቢጫወት ምን ቸገረህ? ለምንስ ያስቈጣሃል?» የሚለኝ ይኖራል። የሚያስቈጣኝ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነው። ስለ ከተማችሁ ድርሰት ጻፉ ብዬ ባዘዝሁ ቍጥር፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ዓይናቸው ያላየውን ዘመን እየናፈቁ፣ የሚኖሩበትን ሠፈር ግን በሁለት መስመር እየነቀፉ ይጽፉልኝ ነበር። በራሳቸው ደጃፍ ያለውን ነገር እንዳያዩ ያደረጋቸው የእኛ ወሬ ነው። መልካሙ ነገር ሁሉ አልፏል ተብሎ ያደገ ልጅ ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ ወይ ከአገር መውጣት፣ ወይ ያለፈውን ዘመን እመልስልሃለሁ የሚለውን ሁሉ መከተል። ሁለተኛው ወሬኛ በየትኛውም ወገን እንደማይጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ።

አሁን ደግሞ ወሬው በርትቷል፤ ምክንያቱም ሠፈሮቹ ፈርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ የድሮ ፎቶግራፍ የማያወጣ፣ እንባ የማያፈስ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። እኔም አዝኛለሁ። ግን ሐዘኑ በግድግዳው ላይ መሆኑን አልወደድሁትም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው። መርካቶም የተመሠረተው ወራሪው በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ከነገበያተኛው አስነሥቶ፣ መካከሉን ከተማ ለነጮች ለይቶ፣ አገሬውን ወደ ምዕራብ በገፋ ጊዜ ነው። አያቶቻችን ተነሥተው የተገፉበትን ስፍራ ነው እኛ ከጥንት የነበረ ቅርስ ያልነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ ድሃ ከመካከሏ ሲነሣ የኖረ ነው፤ እያንዳንዱም ትውልድ የራሱን መነሣት እንጂ ከእርሱ በፊት የነበረውን አያስታውስም።

የፈረሱት ቤቶችስ ምን ዓይነት ነበሩ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቤቶቹን ከባለርስቶች ወስዶ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ ሰጠ፤ ዝቅተኛውንም ኪራይ ቀነሰ። ለድሃው ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ለጥገና አይበቃም ነበርና ጭቃው ተቦረቦረ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለዐሥር ቤተ ሰብ ሆነ። ይህን ቤት በፎቶግራፍ የሚናፍቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ነው፤ ምናልባትም በባሕር ማዶ የሚኖር ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ዝናብ ያፈሰሰባቸው ሰዎች ስለ ግድግዳው ሲያለቅሱ አልሰማሁም።

እነርሱ ያለቀሱት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ላይ ነው እኔም ከእኩዮቼ ጋር የምስማማው። በዚያ ከተማ እውነተኛ መልካም ነገር ነበር፤ ይኸውም ሀብታምና ድሃ በአንድ መንደር መኖሩ ነው። ይህም ከደግነት የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ስትመሠረት መኳንንቱ ግቢያቸውን በየኮረብታው አደረጉ፤ ወታደራቸውና አገልጋያቸው በዙሪያቸው ሰፈረ፤ ውቤ በረሃም ስሙን ያገኘው ከአንድ ደጃዝማች ነው። የጌታና የሎሌ አሰፋፈር ነበር። ዳሩ ግን ዘመን ሲያልፍ ጌትነቱ ቀርቶ መደባለቁ ቀረ፤ በእኛም ጊዜ የባለ ቪላው ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ በአንድ በር ወጥተው በአንድ ሜዳ ኳስ ይጫወቱ ነበር። አንዱ የሌላውን ቤት ውስጥ አይቷል፤ የማን አባት እንደ ታመመ፣ የማን ምድጃ እንዳልነደደ ያውቃል። የዕድሩ ድንኳን ለሁለቱም አንድ ነው። እኔን እስካሁን ድረስ የሚረዱኝ ሰዎች በዚያ ሜዳ ያወቅኋቸው ናቸው።

ይህን ያደረገው ቦኖው ነው፤ አንድ በር፣ አንድ አጥር፣ አንድ ዕድር ነው። ሰዎቹ ከእናንተ የተሻለ ልብ አልነበራቸውም፤ ሳይገናኙ መዋል ስለማይቻላቸው ይገናኙ ነበር። ይህን ካወቃችሁ የጠፋው ነገር በጸሎት እንጂ የማይመለስ ተአምር ሳይሆን፣ በሥራ የሚሠራ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ። በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ለለቅሶና ለድግስ እንዲሆን የተሠራ የጋራ ቤት አለ። በብዙ ስፍራ እርሱ ለነጋዴ ተከራይቶ አይቻለሁ፤ ነዋሪዎቹ ኮሚቴ አላቸው፣ ስብሰባ አላቸው፣ ግን ማንም አልጠየቀም። በረጃጅሙ አጥር ውስጥ የሚሠሩት አዳዲስ መንደሮችም ልጆቻቸው የልብስ አጣቢዋን ልጅ አንድም ቀን ሳያዩ እንዲያድጉ ሆነው የታቀዱ ናቸው። ስለ ድሮዋ አዲስ አበባ በምሬት ከሚናገሩት እኩዮቼ አንዳንዶቹ በዚያው አጥር ውስጥ ቤት ገዝተዋል፤ ጥበቃው ከአጥር ውጭ ያለውን ልጅ ሲያባርር፣ እነርሱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ጨርቅ ኳስ ያወጋሉ።

ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱት ሰዎች አብዛኞቹ የውሃና የመብራት ባለ ቤት ሆነዋል፤ ይህን ማንም እንደ ውርደት ሊቈጥርባቸው አይገባም። የተጎዱት በዕድራቸው ነው። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በየወሩ የከፈሉበት ማኅበር በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ አራትና አምስት አቅጣጫ ተበተነ፤ ድንኳኑና ሳሕኑ በአንደኛው ሰው ቤት ቀረ፤ መዝገቡ በሌላው። አሮጊቶቹ አሁንም ለቀብር ይጠራራሉ፤ ጠሪው ጥሩምባ የነበረው ቀርቶ ስልክ ሆኗል። ስለ ፒያሳ የተጻፈውን ብዙ ትዝታ አንብቤአለሁ፤ ስለ ኬኩ፣ ስለ ማኪያቶው፣ ስለ ሲኒማው ተጽፏል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታ በኮልፌ ለሚፈጸም ቀብር ለመድረስ አንዲት የሰባ ዓመት ዕድርተኛ ስንት ታክሲ እንደምትለዋውጥ የጠየቀ የትዝታ ጸሐፊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።